አውሎ ነፋሱ ያዘገየው መርዶ

ከቶሮንቶ ከተመለስኩ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ያየሁትን በቅደም ተከተል እንደምጽፍላቸው ለክፍል ጓደኞቼ ቃል ገብቼ ስለነበር እነሆ ጻፍኩ። ስለ ረጅሙ ግንብና ስለ ሐይቁ ለማንበብ የጓጓችሁ ካላችሁ ከወዲሁ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ግንቡን ያየሁት ከሩቅ ነው፤ ያውም ግማሹን ደመና ሸፍኖት። ሐይቁን ጭራሽ አላየሁትም። አብዛኛው ጊዜዬ ያለፈው በአክስቴ ቤት ውስጥ ነው፤ ከዚያ የተረፈውን ደግሞ አውሎ ነፋሱ ወሰደው።

የመሄዴ ምክንያት ይህ ነው። ደብረ ብርሃን አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለሁ ስለ ከተማችን ውሃ የጻፍኩት ድርሰት በውድድር ተመርጦ፣ ቶሮንቶ ላይ ለሚደረግ የሦስት ቀን የወጣቶች ስብሰባ ተጋበዝኩ። ቪዛው የመጣው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። በዚያው ሰሞን፣ ከመስቀል በፊት፣ አያቴ አባባ አረፉ።

አባባ ሦስት ልጆች አሏቸው። ትልቋ እናቴ ናት። ሁለተኛዋ አክስቴ አበባ ቶሮንቶ ትኖራለች። የመጨረሻው ጋሼ ሰሎሞን ደግሞ አሜሪካ፣ ኒው ጀርሲ በሚባለው ግዛት ባሕር ዳር ይኖራል። ጋሼ ሰሎሞንን ጓደኞቹ ተሰብስበው በወጉ አረዱት። አክስቴ ግን አልተረዳችም። ከስድስት ዓመት በፊት የእናቷን ሞት አንድ ሰው ሳያስበው በስልክ ነግሯት ሥራ ቦታ ላይ ወድቃ ሆስፒታል ገብታለች፤ ደም ብዛትም አለባት። ከዚያ ወዲህ «በስልክ ያረዳኝ ሰው ደሜ በእጁ ነው» ብላ ሁሉንም አስምላለች። ስለዚህ ለሰላሳ ቀናት ያህል «አባባ ጸበል ሄደዋል፤ እዚያ ኔትወርክ የለም» እየተባለች ቆየች።

እናቴ ቪዛዬን ስታይ «እግዜር ነው መንገድ የከፈተልን» አለች። ዕቅዱን ያወጣችው ቶሮንቶ ካለው የኢትዮጵያውያን እድር ሰብሳቢ ከጋሽ ታደሰ ጋር በስልክ ተመካክራ ነው። ጋሼ ሰሎሞን ሰኞ ጠዋት መኪናውን አስነስቶ ማታ ቶሮንቶ ይገባል፤ ማክሰኞ ሲነጋ የእድሩ ሰዎች ይመጣሉ፤ አክስቴ ወንድሟን ይዛ ትረዳለች። አርባው በሚቀጥለው እሑድ ስለሆነ ከዚያ በላይ ሊዘገይ አይችልም።

«እኔስ ምን ላድርግ?» አልኳት።

«አንቺ ከአጠገቧ መሆን ነው። ልጅ አያረዳም። ፊትሽን ብቻ ጠብቂ።»

ከአርባው በፊት የማይደረግ ቢሆንም ለመንገዱ ጥቁሬን አስወለቀችኝ። ከመርዶው በኋላ የምለብሰውን ጥቁር ቀሚስ ግን ሻንጣዬ ሥር አጥፋ ከተተችልኝ።

ቅዳሜ

ዓርብ ማታ ከቦሌ ተነሥተን ቅዳሜ ጠዋት ቶሮንቶ ገባን። በአውሮፕላኑ ውስጥ ያስቸገረኝ ነገር ቢኖር ምግቡ ሲመጣ መተኛቴ ብቻ ነው።

አክስቴን ያወቅኋት ከፎቶዋ ነው። ከፎቶዋ ይልቅ አጭር ናት፤ በክንዷ ለእኔ ያመጣችውን ወፍራም ካፖርት ይዛ ቆማለች። ጎንበስ ብዬ «እንደምን ኖት፣ እትዬ» ስላት ከት ብላ ሳቀች።

«ኖት? ከደብረ ብርሃን እዚህ ድረስ መጥተሽ አስረጀሽኝ እኮ። እዚህ አገር አንቺ ነው የሚባለው። እስቲ አንቺ በይኝ።»

«እንደምን ነሽ፣ እትዬ።»

«እንደዚያ። አባባስ? ከጸበል ተመለሱ?»

በመንገድ ላይ ለዚህ ጥያቄ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። «ገና ናቸው» አልኩ። ካፖርቱን እየለበስኩ ፊቴን ወደ እጅጌው አዞርኩ።

ከአየር ማረፊያው በአውቶቡስና በምድር ውስጥ ባቡር ሄድን። አክስቴ የምትኖረው ኢስት ዮርክ በሚባለው ሰፈር፣ አሥራ ሁለት ፎቅ ባለው ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። ሰፈሩ ጸጥ ያለ ነው። እኛ ጋ ቅዳሜ ጠዋት ከጎረቤት ጋር ሳይነጋገሩ በር መክፈት አይቻልም፤ እዚያ ግን በሊፍቱ ውስጥ አራት ሰው ሆነን ወጣን፤ አራታችንም የምናየው የሚበራውን ቁጥር ነበር። ብርዱን ሲያስፈራሩኝ ቢቆዩም ከደብረ ብርሃን የጥቅምት ብርድ የባሰ አልነበረም። ይህን ስነግራት አክስቴ «ጥር ላይ መጥተሽ ንገሪኝ» አለች።

ቤቷ አንድ መኝታ ክፍል ነው፤ አልጋውም አንድ ስለሆነ አብረን ተኛን። ምስር ወጥና የተጠበሰ ዓሣ ሠርታ ጠበቀችኝ። ስበላ በትኩረት ታየኝ ነበር። የአባባን ፊት ከግንባሬ ላይ እንዳገኘች ነገረችኝ። ከዚያ ከቁም ሣጥን ውስጥ ውስጡ በበግ ጸጉር የተለበጠ ጫማ አወጣች።

«አርባ ሁለት ነው አይደል ቁጥራቸው? ይዘሽላቸው ትሄጃለሽ።»

«አርባ ሁለት ነው» አልኩ።

እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ምድር ቤት ካለው አዳራሽ ወርዶ ሻይ ይጠጣል። አክስቴን የሚስሟት ሰዎች እጃቸውን ቶሎ አይለቁም፤ አንዳንዶቹ እኔን ሲያዩ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። በዚያ አዳራሽ ከእሷ በቀር የማያውቅ ሰው እንዳልነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። እሷ ግን ደስ ብሏት «የእህቴ ልጅ ናት፤ ስለ ውሃ ጽፋ አሸንፋ መጣች» እያለች ታስተዋውቀኛለች።

ጋሽ ታደሰ ሸበቶና ቀጭን ናቸው፤ በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ ናቸው አሉ። የሻይ ብርጭቆ እንደሚያቀብሉኝ ሆነው ጠጋ አሉና «ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት እንመጣለን። በር ላይ ሰንሰለት ካለ ማታውን አላልተሽ እደሪ» አሉኝ።

ከሰዓት በኋላ አክስቴ ኤግሊንተን ዌስት ወሰደችኝ። የጃማይካና የሌሎች የካሪቢያን ደሴቶች ሰዎች ሱቆች ያሉበት ረጅም መንገድ ነው። አክስቴ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው የምትሠራው፤ ከእሷ ጋር በአንድ ሺፍት የምትገባው ማርሻ ጃማይካዊት ናት። ማርሻ በወንድሟ የጸጉር ቤት በር ላይ ትልቅ ሰማያዊ በርሜል አቁማ ሩዝ፣ ሳሙና፣ የቆርቆሮ ዓሣ፣ ምስማርና የፕላስቲክ ሸራ ትከታለች። ረቡዕ ዕለት አውሎ ነፋሱ ጃማይካን መትቶ የአክስቷን ጣሪያ ወስዶታል። በርሜሉ በመርከብ ይሄዳል። አክስቴ ይዛ የመጣችውን ሻማና ሩዝ ጨመረችበት።

እዚያው ቆመን ሳለ የማርሻ ስልክ ጮኸ። ሰማች፤ ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው «ኦ፣ ጌታዬ» አለች። ዘወር ብላም ለእኛ፣ ለወንድሟና ጸጉሩን ለሚቆረጠው ሰው ነገረችን፤ አንድ የጎረቤት ሽማግሌ ግድግዳ ተንዶባቸው ኖሮ ሞተዋል። ትንሽ አለቀሰች፤ ዓይኗን ጠረገችና ሩዙን መክተት ቀጠለች።

ወደ ቤት ስንመለስ አክስቴ በአውቶቡሱ መስኮት ወደ ውጭ እያየች «እነሱ ወዲያው ይነገራቸዋል፣ ወዲያው ያለቅሳሉ፣ ያልቃል» አለች።

«ይሻላል?» አልኳት።

«እኔ እንጃ። ለእኔስ አልሆነልኝም።»

በዚያን ዕለት ማታ ጋሼ ሰሎሞን ደወለ። አክስቴ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አደረገችው።

«ነገ ማታ እራት እናንተ ጋ ነኝ» አለ፤ ስሜንም ጠርቶ፦ «ምሕረትን ሳላያትማ አትመለስም።»

«ለእሷ ነው እንጂ ለእኔማ አራት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ኦፍ አላገኘህም።»

«አንቺ የት ትሄጃለሽ?»

«አውሎ ነፋሱ ወደ እናንተ ዞሯል ይላሉ እኮ።»

«ሰፈሩን ልቀቁ ብለውናል። እኔስ ያው ለመልቀቅ ነው የተነሣሁት። የምሠራበት ሆቴል የጠዋቱን ሺፍት ግባ ስላለኝ እንደወጣሁ እነሳለሁ።»

ያቺ የጠዋት ሺፍት ናት ሁሉን ያበላሸችው።

ሰኞ

ስብሰባው መሐል ከተማ ነበር። አክስቴ ሥራ ስለነበራት መንገዱን በወረቀት ጽፋ ሰጠችኝ። ባቡር ስገባ የተሰጠኝን ትንሽ ወረቀት ደረሰኝ መስሎኝ ጣልኩት። ለካስ እሱ ነው አውቶቡስ ላይ የሚያሳልፈው። ሾፌሩ ስደናገር አይቶ ምንም ሳይል በእጁ «ግቢ» አለኝ። እኛ ጋ ቢሆን ረዳቱ ስለ እኔ ለታክሲው ሁሉ ያወራ ነበር።

ስለ ስብሰባው ለመምህሬ ለብቻ ጽፌያለሁ። እዚህ የምናገረው ሻይ ሰዓት ላይ ያየሁትን ነው። ሁሉም የአውሎ ነፋሱን ካርታ በቴሌቪዥን ይመለከታል። ከጃማይካ ተነሥቶ ኩባን መትቶ፣ የአሜሪካን ዳርቻ እየታከከ ወደ ሰሜን ወጥቷል። እንዲህ ያለው ነፋስ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ውቅያኖሱ ዘወር ብሎ ይጠፋል አሉ። ይሄኛው ግን ወደ ግራ፣ ወደ የብሱ ታጠፈ። የታጠፈበትን ቦታ ስም አነበብኩ፤ ኒው ጀርሲ ይላል።

ስመለስ ነፋሱ ቶሮንቶም ደርሶ ነበር። ዝናቡ በጎን ይመጣል፤ የቅርንጫፍ ስብርባሪ አስፋልቱን ሸፍኖታል፤ ጃንጥላዬ ተገልብጦ ተሰበረ። ሕንፃው ጋ ስደርስ መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ቆሟል። ዘጠኙን ፎቅ በጨለማ ደረጃ ወጣሁ። በየፎቁ ሰዎች በር ከፍተው ቆመዋል፤ የተቆለፈባቸው ይመስል ይጨነቃሉ። እኛ መብራት መጥፋት የለመድን ስለሆንን እኔ ብቻ ነበርኩ ሳልደናቀፍ የወጣሁት። አንዲት አሮጊት ውሃ ተሸክመው ቆመው ስላገኘኋቸው እስከ ሰባተኛ ፎቅ አደረስኩላቸው። እጄን ይዘው ብዙ አመሰገኑኝ፤ ያን ዕለት የሠራሁት ደህና ነገር እሱ ነው።

አክስቴ ሻማ አብርታ ስልኩን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀምጣለች። ጋሼ ሰሎሞን እኩለ ቀን ላይ ደውሎላት ነበር። መንገዱ ተዘግቷል፤ ውሃው እሱ ሰፈር ገብቷል፤ እሱ አንድ የሥራ ባልደረባው ቤት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ወጥቷል። ከዚያ በኋላ በደወለች ቁጥር ስልኩ አይጠራም።

መስኮቱ ይንቀጠቀጥ ነበር። አክስቴ ስለ እናቷ ሞት ያን ጊዜ ነገረችኝ። አንዲት በሽተኛ ከአልጋ አንሥታ ወንበር ላይ ልታስቀምጥ እቅፍ አድርጋ ሳለ ስልኳ ጠራ። በጆሮ ማዳመጫው አነሣችው። ብሉር በሚባለው መንገድ ላይ ሱቅ ያለው ሰው ነው፤ የተረዳች መስሎት «እግዜር ያጥናሽ» አላት። «በሽተኛዋን እንዳልጥላት ይዤ ወደቅሁ» አለች። «እኔ ከታች፣ እሷ ከላይ። ነጮቹ ደንግጠው ሲያነሡን 'እማዬ' እያልኩ ነው። እነሱ በሽተኛዋን የምጠራ መሰላቸው።»

ሊያልቅ የደረሰውን ሻማ በሌላ ቀየርኩ።

«ለዚህ ነው ያስማልኳችሁ። አንዳችሁም አላፈረሳችሁም፤ እግዜር ይስጣችሁ።»

ማክሰኞ

ሲነጋ መብራቱ መጣ፤ ሊፍቱ ግን ተበላሽቷል። ቴሌቪዥኑ ኒው ጀርሲን ያሳያል፤ ቤቶች ከመሠረታቸው ተነሥተው መንገድ ላይ ተቀምጠዋል፤ መኪና በመኪና ላይ ተቆልሏል፤ አሸዋው ሳሎን ገብቷል። ቶሮንቶም ውስጥ አንዲት ሴት የወደቀ የማስታወቂያ ሰሌዳ ገድሏት ነበር። አክስቴ ሥራዋ ጋ ደውላ አልመጣም አለችና ቀኑን ሙሉ በዚያ ሥዕል ውስጥ የወንድሟን ሰፈር ስትፈልግ ዋለች።

ጠዋት ወደ ስብሰባው ስወጣ ጋሽ ታደሰ የሕንፃው መግቢያ ጋ ጠብቀውኝ ነበር።

«ያለ ወንድሟ አይሆንም» አሉ። «እሱ ይገኝ እንጂ አንድ ቀን ሁለት ቀን እንጠብቃለን።»

«እሱ ባይገኝስ?»

«እንዲህ አይባልም፣ ልጄ።»

ከስብሰባው ስመለስ አክስቴ ሻንጣዬን ከፍታ አገኘኋት። እጇ ሥራ ሲፈታ አይወድም፤ ረቡዕ ንግግር እንዳለኝ ስለምታውቅ ልብሴን ልትተኩስልኝ ነው። ጥቁሩ ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ለንግግሩ ነው። የሚናገሩ ሁሉ ጥቁር ይልበሱ ተብሏል።»

ቀሚሱን ውሃ እየረጨች፣ የእጅጌውን ስፌት ሳይቀር እያስተካከለች ተኮሰችው። የሐዘን ልብሴን የአባባ ልጅ ስትተኩስልኝ ቆሜ አየሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ውሸት ዋሽቼ አላውቅም።

ረቡዕ

ጥቁሩን ለብሼ ሄድኩ። ሌሎቹ ተናጋሪዎች ባለ ቀለም ሹራብ ለብሰዋል። ቀኑ እዚያ አገር ልጆች እንደ ጭራቅና እንደ ሙት መንፈስ የሚለብሱበት በዓል ስለነበር፣ አንዲት ልጅ «አንቺ የምንድን ነው የለበስሽው?» ብላ ጠየቀችኝ። የሐዘን ነው አልኳት። ጥሩ ነው አለችኝ።

ንግግሬን በደንብ ተናገርኩ። አጨበጨቡልኝ።

ቤት ስገባ ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። አክስቴ ከጠዋት ጀምሮ ምግብ አልቀመሰችም፤ መድኃኒቷንም አልወሰደችም። ወለሉ ላይ ጀርባዋን ለሶፋው ሰጥታ ተቀምጣለች።

«ሰው ሁሉ ይደውልልኛል» አለች። «'ደህና ነሽ ወይ' ይሉና ዝም ይላሉ። ታደሰ ትናንት ከታች ቆሞ ሲያናግርሽ በመስኮት አይቻለሁ። ሰሎሞን ሞቷል፤ እናንተ ታውቃላችሁ።»

«አላውቅም፣ እትዬ። እውነቴን ነው።»

«የምታውቁት ነገር የለም?»

«ስለ ጋሼ ሰሎሞን አላውቅም።»

«እንግዲያው ማይልኝ። 'አባባ ይሙቱ' በይ።»

ይህን መሐላ ሺህ ጊዜ ምዬዋለሁ። እርሳስ ጠፍቶብኝ ምዬበታለሁ፤ ለአምስት ደቂቃ መዘግየት ምዬበታለሁ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የማይምልበት ሰው የለም። ያን ዕለትም ብምል እውነት ነበር የምለው፤ ጋሼ ሰሎሞን መሞቱን አላውቅም። ግን ቃሉ አፌ ላይ አልመጣም። አባባ ተቀብረዋል። ቆሜ ራሴን ነቀነቅሁ፤ እንባዬም መጣ።

አክስቴ ፊቴን አየች። «በቃ» አለች። «በቃ፣ ተይው።» ሻሿን ከራሷ ፈታ እንደገና አጥብቃ አሠረችው።

ደረጃው ላይ ወጥቼ ለጋሽ ታደሰ ደወልኩ። የሆነውን ስነግራቸው «ሰሎሞን አሁን በሰው ስልክ አግኝቶኛል» አሉኝ። «በሕይወት አለ። መኪናው ውሃ ገብቶበታል፤ ቤንዚን የለም፤ መንገድ የለም። ያለ እኔ አርዷት ብሏል። ነገ ጠዋት እንመጣለን።»

«በሕይወት እንዳለ ልንገራት?»

ትንሽ አሰቡ። «ታዲያ ለእኔ ለምን አልደወለም ትልሻለች። ድምጿን ከሰማ ደግሞ እሱ አይችልም፣ ያወጣዋል። ነገ አንድ ላይ ይሁን። እሺ ልጄ?»

«እሺ» አልኩ። ትልልቅ ሰዎች ሲያዙኝ እሺ እላለሁ፤ እንደዚህ ነው ያደግሁት። ገብቼ ከአጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ወንድሟ በሕይወት እንዳለ እያወቅሁ ስለ ወንድሟ ስታለቅስ አመሸች፤ እኔም ውሃ አቀበልኳት።

ሐሙስ

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። እኔ ሳልነሣ አክስቴ ከፈተችው።

ሊፍቱ ገና አልተሠራም ነበር። ጋሽ ታደሰ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ የሺና ሌሎች ሦስት የእድር ሰዎች ዘጠኝ ፎቅ በእግራቸው ወጥተው በር ላይ ቆመዋል። ሁሉም በዕድሜ የገፉ ናቸው። ደረታቸው ከፍ ዝቅ ይላል፤ አንዱ ግድግዳውን ይዘዋል። የሚናገሩት ነገር እንዳላቸው ፊታቸው ያሳያል፤ ትንፋሽ ግን አልነበራቸውም።

አክስቴ አልጠበቀቻቸውም። «ሰሎሞንዬን!» ብላ ደረቷን መታች። «ወንድሜን! ሰሎሞንዬን!»

ጋሽ ታደሰ እጃቸውን አወናጨፉ። «የለም... የለም... ሰሎሞን... ደህና ነው።»

«አትዋሸኝ!»

«ብዋሽ የልጆቼ አባት አይደለሁም። ትናንት... ደውሎልኛል። ደህና ነው።»

ወይዘሮ የሺም «ደህና ነው፣ እናቴ» አሉ።

አክስቴ ተራ በተራ አየቻቸው። ከዚያ ተንበርክካ የጋሽ ታደሰን ጉልበት ሳመች፤ ተነሥታም እልልታዋን ለቀቀችው። በዚያ ጸጥ ባለ ሕንፃ ውስጥ ሦስት ጊዜ እልል አለች። የጎረቤት በር ተከፍቶ ተዘጋ።

«ግቡ፣ ግቡ፤ ምን ያቆማችኋል? ይሄን ሁሉ ደረጃ ለዚህ ወጣችሁ? በጠዋት እንዲህ ሰው ያስደነግጣሉ? ልቤን ልታቆሙት ነበር እኮ» እያለች ትስቃለች፣ ታለቅሳለች። ማንቆርቆሪያውን ጣደች፤ ብርጭቆ አወጣች፤ ዳቦ ቆረሰች። ሰዎቹ ሶፋው ላይ ተደርድረው ተቀመጡ። ካፖርቱን ያወለቀ የለም።

ሻዩን ቀዳች። ማንም አልነካውም። ጋሽ ታደሰን አየኋቸው። ብርጭቆውን ያያሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ለስንት ሰው ያረዱ ሰው ናቸው፤ ግን እልል ላለ ሰው አርድተው አያውቁም። ወይዘሮ የሺ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

አክስቴ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች «ምነው አትጠጡም?» አለች። ሳቋ ፊቷ ላይ ገና አልጠፋም።

ብርጭቆው ላይ እንፋሎቱ ሲያልቅ አየሁ። ከዚያ ወዲያ አንዲት ደቂቃ ልትታለል አይገባትም ብዬ አሰብኩ።

«እትዬ» አልኩ። «አባባ ናቸው።»

«አባባ ጸበል ናቸው» አለችኝ።

«አይደሉም።»

ማንቆርቆሪያውን ምድጃው ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠችው። እሳቱን አጠፋች። «መቼ?» አለች።

«ከመስቀል በፊት።»

ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ድምፅ ያወጣችው ከተቀመጠች በኋላ ነው። ከዚያ ሴቶቹ ተቀላቀሉ፤ እኔም እንደወጉ ጥቁሬን ለብሼ መጣሁ። የተተኮሰው ገና አልተጨማደደም።

አልወደቀችም። ወይዘሮ የሺ መድኃኒቷን አስዋጧት። ከሰዓት በኋላ ጋሼ ሰሎሞን በጋሽ ታደሰ ስልክ ተገኘና ወንድምና እህት ሳይነጋገሩ አብረው አለቀሱ። ስልኩን ስትመልስ «በዚያ ሁሉ ውሃ መሐል ሆኖ ስለ እኔ ነው የሚጨነቀው» አለች። ቆይታም ለማንም ሳይሆን «ስለ እልልታዬ እግዜር ይቅር ይበለኝ» አለች።

ዓርብ

ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ማርሻም ዘጠኝ ፎቅ ወጥታ፣ ትልቅ ድስት ሩዝና ባቄላ ይዛ መጣች። ሰው ሁሉ ለምን ወለል ላይ እንደተቀመጠ አልጠየቀችም፤ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠች።

ከመሄዴ በፊት አክስቴ አጠገቧ ጠራችኝ። «እንዴት ሞቱ? ያየሽውን ንገሪኝ» አለች።

«አላየሁም» አልኳት። «አዲስ አበባ ነበርኩ። 'ትንሽ አሟቸዋል' ብለው ወሰዱኝ። ድንኳኑን በር ላይ ሳየው ነው ያወቅሁት።»

«አንቺንም እንዲሁ አደረጉሽ» አለች። ፍራሹ ላይ ፈቀቅ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ያን ጊዜ ነው ስለ አባባ ከልቤ ያለቀስኩት። እሷ ትከሻዬን እየመታች «እሺ፣ እሺ» ትለኛለች።

ሐዘንተኛ ከቤት ስለማይወጣ አየር ማረፊያ ያደረሱኝ ጋሽ ታደሰ ናቸው። በየመንገዱ ሠራተኞች የወደቁ ዛፎችን በመጋዝ እየቆረጡ በመኪና ይጭናሉ። አስፋልቱ በእርጥብ ሰጋቱራ ተሸፍኗል። ጋሽ ታደሰ ስለ ሐሙስ ያነሡት አንዴ ብቻ ነው። «ደረጃው ነው» አሉ። «ትንፋሽ ቢኖረኝ ኖሮ መጀመሪያ እኔ ነበርኩ የምናገረው።» እኔም አዎ አልኳቸው።

እሑድ

ቅዳሜ ማታ ቦሌ ደርሼ በሌሊት መኪና ደብረ ብርሃን ገባሁ። አርባው እሑድ ተደረገ። ካህናቱ ፍትሐት ጨርሰው ሰው በድንኳኑ ውስጥ ሲበላ እናቴ ወደ ጓዳ ጠራችኝ። በእጇ የእንጀራ መሶብ ይዛለች።

«በወጉ አረዷት?» አለችኝ። «ሰሎሞን ነበረ?»

«አልነበረም። ነፋሱ አስቀረው።»

«ታዲያ ታደሰ ናቸው የነገሯት?»

እሳቸው ናቸው ብል ደስ ይላት ነበር። ጋሽ ታደሰም አያስተባብሉም።

«እኔ ነኝ የነገርኳት» አልኩ።

መሶቡን አስቀመጠች። «ማን አዘዘሽ?»

«ማንም አላዘዘኝም» አልኳት።